ፋብሪካ ያስተማራት ከተማ



ዛሬ የምናገረው በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ጫፍ ላይ ስላለች ጋልዌይ ስለምትባል ከተማ ነው። የነዋሪዋ ቁጥር ከ80 ሺህ ጥቂት ቢያልፍ ነው። ከእኛ የክልል ከተሞች ብዙዎቹ ይበልጧታል። ይሁን እንጂ የጠበበ የልብ ደም ሥርን የሚያሰፋው ስቴንትና በደም ሥር አልፎ እስከ ልብ የሚዘልቀው ካቴተር እዚያ ይመረታል፤ ከዚያም ወደ ሩቅ አገር ሆስፒታሎች ይጓዛል። የአየርላንድ ሕዝብ ከአምስት ሚሊዮን ብዙም አይርቅም። ከዚህ ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ የሚሆነው ሰው የሚተዳደረው በሕክምና መሣሪያ ሥራ ሲሆን፣ የዚህ ሥራ ዋና ከተማ ጋልዌይ ናት።

የንግግሬን ፍሬ ነገር ከወዲሁ ላስቀምጥ። ስለ እንዲህ ያለ ዕድገት ሲወራ ቶሎ የሚነሣው የግብር ቅናሽና የውጭ ባለሀብት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ፋብሪካዎቹን ወደ ከተማዋ ያመጡት እነሱ ናቸው። ኢንዱስትሪውን እዚያ ያቆዩትና ያፋፉት ግን ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፋብሪካው ውስጥ ሙያ የቀሰመ ሰው ነው። ሁለተኛው «ይህ ምርት አይወጣም» የማለት ሥልጣንና ችሎታ ያለው ተቆጣጣሪ ነው። የሕክምና መሣሪያ ኢንዱስትሪ በእነዚህ ሁለት እግሮች ካልቆመ ሕንፃው ቢሠራም ኢንዱስትሪው አይኖርም። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሥራው ምን ይመስላል?

አስቀድመን ስለ ምን ዓይነት ዕቃ እንደምንነጋገር እንወቅ። በ1977 አንድሬያስ ግሩንትዚግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ዙሪክ ውስጥ አንድ ሕመምተኛ አከመ። በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ የተገጠመች ትንሽ ባሉን በደም ሥር አሳልፎ የልብ ደም ሥር ከጠበበበት ቦታ አደረሳትና ነፋት፤ መንገዱም ተከፈተ። ደረት ሳይሰነጠቅ የልብን ደም ሥር መክፈት እንደሚቻል ታየ። ችግሩ የተከፈተው ደም ሥር በብዙ ሕመምተኞች ላይ ተመልሶ መጥበቡ ነበር። በ1986 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቱሉዝ ከተማ፣ ከብረት እንደ መረብ የተሠራች ትንሽ ቱቦ ደም ሥሩ ውስጥ እንድትቀር ተደረገ። ስቴንት የምንለው ይህን ነው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ በብረቱ ዙሪያ ሥጋ እያደገ መንገዱን እንዳይደፍን መድኃኒት የተቀባ ስቴንት መጣ። በአሜሪካ የመጀመሪያው በ2003፣ ሁለተኛው በ2004 ፈቃድ አገኙ። ሁለተኛው፣ ታክሰስ የተባለው የአሜሪካው ኩባንያ የቦስተን ሳይንቲፊክ ምርት፣ ከሚመረትባቸው ቦታዎች አንዷ ጋልዌይ ነበረች።

ስቴንት የሚጀምረው ከቀጭን የብረት ቱቦ ነው። ሌዘር ቱቦውን እየቀደደ መረብ ያደርገዋል። ከመረቡ ዘንጎች የብዙዎቹ ውፍረት አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከጸጉር ብዙ አይለይም። ከዚያ ሸካራው ይለሰልሳል፣ መድኃኒቱ ይቀባል፣ ስቴንቱ በተጣጠፈችው ባሉን ላይ ተጭኖ ይጨመቃል፣ ከካቴተሩ ጋር በእሽግ ይዘጋል፣ በመጨረሻም ከተሕዋስያን እንዲጸዳ ይደረጋል። ከዚህ ሥራ ብዙው በሰው እጅ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ይሠራል። ትንሽ የብረት ስንጥር ከቀረች ደም ሥርን ልትቧጭር ትችላለች፤ እንከን ያለባት ባሉን ልብ ውስጥ ልትፈነዳ ትችላለች።

ሥራው የሚከናወነው በንጹሕ ክፍል ውስጥ ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰባተኛ ደረጃ የተሰጠው ንጹሕ ክፍል፣ ግማሽ ማይክሮን ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ352 ሺህ በላይ እንዲኖረው አይፈቀድለትም። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የመጨረሻው፣ ዘጠነኛው ደረጃ የሚፈቅደው ከ35 ሚሊዮን በላይ ነው። ሠራተኛው ሲገባ ልብሱን ይቀይራል፣ ጸጉሩን ይሸፍናል፣ ጓንት ያጠልቃል፤ በፈረቃው ሁሉ ይህን ሥርዓት አይጥስም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ ምርት የባች፣ ማለትም አብሮ የተመረተው ዕቃ ሁሉ የሚለይበት፣ ቁጥር አለው። ብረቱ ከማን እንደመጣ፣ የትኛው ማሽን እንደቆረጠው፣ ማን እንደመረመረው፣ ሙቀቱ ስንት እንደነበር በየደረጃው ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ለዓመታት ይቀመጣል። ያልተመዘገበ ምርመራ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። አይ ኤስ ኦ 13485 የተባለው የሕክምና መሣሪያ አምራቾች የጥራት መለኪያ የሚጠይቀውም በመሠረቱ ይህንኑ ነው፦ የምትሠራውን ጻፍ፣ የጻፍከውን ሥራ፣ መሥራትህንም አሳይ።

ድኻዋ አየርላንድ እንዴት እዚህ ደረሰች?

አየርላንድ ለረጅም ዘመን ልጆቿን ለባዕድ አገር ትልክ የነበረች አገር ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በደረሰው ታላቅ ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል፤ ከዚያ የማያንስ ደግሞ ተሰድዷል። ስደቱ በ20ኛው መቶ ዓመትም አልቆመም። በ1950ዎቹ ብቻ 400 ሺህ ያህል ሰው ሥራ ፍለጋ ወጥቷል። ልጆቻችን በየአገሩ ለተበተኑብን ለእኛ የዚህን ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1958 መንግሥት በር ዘግቶ ራስን ከመቻል ፖሊሲ ወጥቶ ወደ ውጭ ንግድ ፊቱን አዞረ። ወደ ውጭ በሚላክ ምርት ትርፍ ላይ የሚከፈለው ግብር ቀድሞም በ1956 ተቀንሶ ነበር። በኋላ ለአምራቾች አሥር በመቶ፣ በ2003 ደግሞ በድርጅቶች የንግድ ሥራ ትርፍ ላይ 12.5 በመቶ ሆነ። በ1973 አገሪቱ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ አባል ስትሆን፣ አየርላንድ ውስጥ የተመረተ ዕቃ ሰፊ ገበያ አገኘ። ባለሀብት የሚስበው መሥሪያ ቤት፣ አይ ዲ ኤ፣ ከ1949 ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ኤሌክትሮኒክስን፣ መድኃኒትንና የሕክምና መሣሪያን እየመረጠ የኩባንያዎችን በር ያንኳኳ ጀመር።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ብዙ ጊዜ ተዘንግቶ የሚታለፍ አንድ ውሳኔ አለ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የአየርላንድ ድኻ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመግባት መክፈል ነበረበት። በ1966 የትምህርት ሚኒስትሩ ዶናህ ኦማሊ ትምህርቱ ነፃ እንደሚሆን በአደባባይ አስታወቀ፤ በ1967 ተፈጸመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየክልሉ የቴክኒክ ኮሌጆች ተከፈቱ፤ የጋልዌዩ ሥራ የጀመረው በ1972 ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ሲመጡ ሥዕል ማንበብ፣ መለካት፣ ማሽን መጠገን የሚችል ወጣት ይጠብቃቸው ነበር። ግብር ዝቅ ያደረጉ አገሮች ብዙ ናቸው። ከአሥርና ከሃያ ዓመት አስቀድመው ልጆቻቸውን ለሙያ ያዘጋጁት ጥቂት ናቸው።

ፋብሪካው ሲዘጋ የቀረው

ወደ ጋልዌይ እንመለስ። በ1971 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የተባለ የአሜሪካ የኮምፒዩተር ኩባንያ እዚያ ፋብሪካ ከፈተ። በ1982 ሲ አር ባርድ የተባለው የካቴተር አምራች ተከተለ። ዲጂታል ለከተማዋ ትልቁ እንጀራ ሰጪ ሆኖ ሃያ ዓመት ከቆየ በኋላ፣ በ1993 የኮምፒዩተር ማምረቻውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከ700 በላይ ሰው ሥራውን አጣ። ለትንሽ ከተማ ይህ ትልቅ ሐዘን ነበር። ብዙዎችም የጋልዌይ የኢንዱስትሪ ዘመን አበቃ ብለው አሰቡ።

ያሉት አልሆነም። በ1994 ቦስተን ሳይንቲፊክ ወደ ከተማዋ መጣ፤ ዛሬ ከዋነኞቹ አሠሪዎች አንዱ ነው። የባርድ የልብ ካቴተር ክፍልም እጅ እየቀያየረ ሄዶ በ1999 ሜድትሮኒክ በተባለው የሕክምና መሣሪያ ኩባንያ ሥር ገባ። አዲሶቹ አሠሪዎች የፈለጉት የጥራት መዝገብ መያዝ፣ የምርት መስመር ማደራጀት፣ ከአቅራቢ ጋር በልክ መነጋገር የለመደ ሰው ነበር። ያ ሰው በከተማዋ ነበር። የኮምፒዩተር ፋብሪካው ማሽኑን ይዞ ሄደ፤ ሙያው ግን በሰዎቹ ጭንቅላትና እጅ ቀረ።

ይህ ሙያ ከተቀጣሪነትም አልፎ ሄደ። ክሬጋና የተባለው የጋልዌይ ድርጅት በ1979 ሲመሠረት ለሌሎች ኩባንያዎች የብረት ክፍሎችን የሚሠራ ትንሽ አቅራቢ ነበር። እያደር ለካቴተር የሚሆኑ ቀጭን ቱቦዎችን ወደ መሥራት ተሸጋገረ፤ በ2016 በ895 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በትልልቆቹ ኩባንያዎች የሠሩ መሐንዲሶችም እየወጡ የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። ከእነዚህ አንዱ በ2009 የተቋቋመው ኒውራቪ ነው። ይህ ድርጅት ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ፣ የረጋውን ደም ይዞ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። በ2017 ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ገዛው። ስትሮክ በደረሰበት ሰው ላይ እያንዳንዱ ደቂቃ የሚገድለው የአንጎል ሕዋስ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ የዚህ መሣሪያ ዋጋ ይገባዋል።

ከ2011 ጀምሮ በጋልዌይ ዩኒቨርሲቲ ባዮኢኖቬት የተባለ ሥልጠና ይሰጣል። ሐኪም፣ መሐንዲስና የንግድ ባለሙያ በአንድ ቡድን ሆነው ሆስፒታል ገብተው ይሰነብታሉ፤ የሚቸግረውን ነገር ይመለከታሉ፣ ይጽፋሉ። መፍትሔ የሚፈልጉት ችግሩን ካወቁ በኋላ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጋልዌይ ሐሳቡን ስታመጣው ግን መሣሪያ የመሥራት ልምድ ያለው ሰው፣ ቱቦ የሚሠራ አቅራቢና የሙከራ ሆስፒታል በአንድ ከተማ ውስጥ ይጠብቁት ነበር።

ጉድለቱንም ልንናገር ይገባል። ክሬጋናና ኒውራቪ ሁለቱም በመጨረሻ ለውጭ ኩባንያ ተሸጡ፤ ትልቁ ውሳኔ ዛሬም የሚወሰነው ከባሕር ማዶ ነው። የአየርላንድ ዓመታዊ ምርትም ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች በሚያዘዋውሩት ሀብት ያብጣል። በ2015 የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በአንድ ዓመት 25 በመቶ ገደማ አደገ ተብሎ ተመዘገበ፤ የሕዝቡ ኑሮ ግን በዚያ መጠን አልተለወጠም። አገሪቱም ይህን ለማረም ሌላ መለኪያ ለማውጣት ተገደደች። ስለዚህ የአንድን አካባቢ ሀብት በጠቅላላ ምርት ቁጥር ብቻ የሚለካ ሰው ይሳሳታል። እኔ የጋልዌይን ሀብት የምለካው ፋብሪካ ሲዘጋ ሌላ ፋብሪካ በመውለድ አቅሟ ነው።

«ይህ ምርት አይወጣም»

አሁን ወደ ሁለተኛው እግር፣ ወደ ተቆጣጣሪው ልምጣ። በ2004 አጋማሽ ቦስተን ሳይንቲፊክ እስከ 85 ሺህ የሚደርሱ የታክሰስ ስቴንቶችን ከገበያ ሰበሰበ። ስቴንቱ ከተቀመጠ በኋላ አንዳንዷ ባሉን አልተነፍስ ስትል ሐኪሙ ካቴተሩን ማውጣት ይቸገር ነበር፤ የሞተ ሰውም ነበር። እንዲህ ያለ ጥፋት አስቀድሞ መከልከል ነበረበት። ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ግን የትኛው ባች እንደሚጠረጠር፣ የትኛው ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ እንዳለ ማወቅ ተቻለ። ይህን ያስቻለው ሠራተኛው በየፈረቃው የሚጽፈው መዝገብና አምራቹ ችግሩን ለባለሥልጣን እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ሕግ ነው።

መዝገቡ ሐሰት ሲሆን ምን እንደሚመጣ ደግሞ በ2010 ታየ። ፒ አይ ፒ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ የጡት ተከላ የሚሠራው ለሕክምና ባልተፈቀደ ሲሊኮን መሆኑ ተደረሰበት። በብዙ አገሮች ወደ 300 ሺህ የሚገመቱ ሴቶች ሰውነታቸው ውስጥ ተተክሎላቸው ነበር። የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ድርጅት ፋብሪካውን ይጎበኝ ነበር፤ ጉብኝቱ ግን አስቀድሞ የሚነገር ነበር፤ ኩባንያውም መርማሪዎቹ ከመድረሳቸው በፊት እውነቱን ይደብቅ ነበር። የኩባንያው መሥራች በ2013 በፈረንሳይ ፍርድ ቤት የአራት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

አውሮፓ ከዚህ ተምራ ሕጓን አጠበቀች። በ2017 የወጣውና ከግንቦት 2021 ጀምሮ የሚሠራበት አዲሱ ደንብ፣ መርማሪው ሳያስታውቅ ወደ ፋብሪካ እንዲገባ፣ አምራቹ ምርቱ ገበያ ከገባ በኋላም እንዲከታተለው፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚለይበት ቁጥር እንዲኖረው ያስገድዳል። ሕጉ ያለ ዋጋ አልመጣም። ትናንሽ አምራቾች በሰነዱ ብዛትና በወጪው ተጨንቀዋል፤ ፈቃድ ለማግኘት የሚጠበቀው ጊዜ በመርዘሙ ሐኪሞችም አቤት ብለዋል። ይህ ቅሬታ ሊሰማ ይገባል። ሆኖም ራሷን የማትከላከል ሕመምተኛ በአንድ ወገን፣ የአምራቹ ምቾት በሌላ ወገን ሲቆሙ ሕግ የማን መሆን እንዳለበት አልጠራጠርም። አንድ አካባቢ በሕክምና መሣሪያ ስም የሚያተርፈው ስሙ እስከታመነ ድረስ ነው።

ንድፉ ብቻውን አይሠራም

በመጋቢት 2020 ኮቪድ ሲስፋፋ ዓለም በራሱ መተንፈስ ላቃተው ሕመምተኛ አየር የሚሰጠውን መሣሪያ፣ ቬንቲሌተርን፣ አጣ። በዚያን ጊዜ ቬንቲሌተሮቹን ጋልዌይ ውስጥ ያመርት የነበረው ሜድትሮኒክ ሠራተኛ ጨምሮ ምርቱን ማሳደግ ጀመረ። በዚያው ወር መጨረሻም ፒ ቢ 560 የተባለውን ተንቀሳቃሽ ቬንቲሌተር ንድፍ ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ይፋ አደረገ። ንድፉን ከመላው ዓለም ብዙ ሰው ወሰደ። ወስዶ መሣሪያውን ያመረተው ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ በቬትናም ቪንግሩፕ የተባለው ትልቅ ድርጅት ሲሆን፣ እሱም መኪናና ኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩ ፋብሪካዎች፣ መሐንዲሶችና አቅራቢዎች የነበሩት ነው።

ይህ የምለውን ሁሉ በአንድ ቦታ የሚያሳይ ይመስለኛል። ንድፉ በነፃ ተሰጠ፤ የጎደለው ቫልቩን በልኩ የሚሠራ አቅራቢ፣ ሴንሰሩን የሚያስተካክል ቴክኒሺያን፣ መሣሪያው ለሕመምተኛ ከመድረሱ በፊት የሚፈትን ተቆጣጣሪ ነበር። እነዚህን በአንድ ወር ማፍራት አይቻልም፤ የሚበቅሉት በዓመታት ነው።

እኛስ?

ለዚህ ርዕስ ጋልዌይን የመረጥኩት ኢትዮጵያ ነገ ስቴንት ታምርት ለማለት አይደለም። አብዛኛውን የሕክምና መሣሪያችንን ከውጭ የምናስገባ፣ ብዙውንም በልገሳ የምንቀበል ነን። በ2011 የታተመ፣ አቅማቸው ዝቅተኛ በሆነ 16 አገሮች ከመቶ ሺህ በላይ መሣሪያዎችን የቃኘ ጥናት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ከሥራ ውጭ መሆኑን አሳይቷል። በሆስፒታሎቻችን ኮሪደር ጥግ በላስቲክ ተሸፍኖ የቆመ ማሽን ያላየ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ከማሽኑ ጋር መለዋወጫ፣ የአጠቃቀም ሥልጠናና የሚጠግነው ሰው ካልመጣ ልገሳው ቦታ ከመያዝ አያልፍም።

መነሻው ግን በእጃችን አለ። በጅማና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በሌሎችም፣ ወጣቶቻችን ባዮሜዲካል ምሕንድስና ይማራሉ። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ሆስፒታል ሲቀጠሩ የሚያገኙት ጠባብ ክፍል፣ ጥቂት መፍቻና የተበላሸ ዕቃ ክምር ነው። ለእኔ የሕክምና መሣሪያ ኢንዱስትሪያችን የሚጀምረው ከዚያች ክፍል ነው። ማሽኑ መቼ እንደተበላሸ፣ ምን እንደተቀየረለት፣ ስንት ቀን እንደቆመ የሚመዘገብበት ደብተር ከተያዘና የደብተሩ ቃል ግዢ ለሚያዘው ክፍል ከደረሰ፣ ጋልዌይ ውስጥ በየፈረቃው የሚሠራው ሥራ እኛም ዘንድ ተጀመረ ማለት ነው። የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ደግሞ በመግቢያ በር ላይ የመመርመሪያ ላቦራቶሪ፣ የሠለጠነ ሰውና «አይገባም» ለማለት የሚያስችል ነፃነት እንዲኖረው ዜጋ ሁሉ ሊጠይቅ ይገባል። ቂሊንጦ ለመድኃኒትና ለሕክምና ምርቶች የተገነባ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለን። እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ የመሣሪያ ፋብሪካ ሲከፈት ስንት ሰው ተቀጠረ ብለን ብቻ አንርካ። የተቀጠረው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ያውቃል? ፋብሪካው ቢዘጋ ያንን ዕውቀት ይዞ የት ይሄዳል? ምርቱ ቢበላሽ የሚያስቆመው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከሪባን መቁረጡ በፊት በውሉ ላይ መጻፍ አለባቸው።

ጋልዌይ እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ከአርባ ዓመት በላይ ፈጅቶባታል፤ ዛሬም አልጨረሰችም። እኛ ከእሷ ልምድ ጊዜ ልንቆጥብ እንችል ይሆናል፤ ሰውን ማስተማርና መዝገብን በታማኝነት መያዝን ግን ልንዘለው አንችልም። የባዮሜዲካል ባለሙያው ደመወዝ፣ የሙያ ዕድገቱና የሥራ ክፍሉ በሚቀጥለው በጀት ምን ቦታ እንደሚይዝ በየሆስፒታላችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።